ጨለም ያለ የእናት ልብ ወለድ ሲነበብ ሒሳቡን መያዝ

ልጇን ይዛ ከጭራቅ፣ ከጦርነት ወይም ከረሃብ የምትሸሽ እናት ያለችበትን የፋንታሲ ልብ ወለድ ስታነቡ፣ ደብተርና እርሳስ አጠገባችሁ ይኑር። ገጹን ለሁለት ክፈሉት፤ በአንዱ በኩል ያተረፈችውን፣ በሌላው የከፈለችውን ከገጽ ቁጥሩ ጋር ጻፉ። በእንዲህ ያለ መጽሐፍ አስማት በነፃ አይገኝም። ደሟን፣ ስሟን ወይም ትዝታዋን ሰጥታ ይሆናል፤ ዕዳው የሚጠየቀው ግን 200 ገጽ ቆይቶ ነው። ያልመዘገበ አንባቢ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ነገሩ ከሰማይ ዱብ ያለ ይመስለዋል።

በመጀመሪያዎቹ 50 ገጾች የነገድና የአማልክት ስም ለመሸምደድ አትድከሙ። ሦስት ጊዜ የተደጋገመውን ብቻ ያዙ። ስንቋን ግን ቁጠሩ፦ ምን ያህል ይዛ ወጣች? ስንት ቀን ተጓዘች? ማን ቀድሞ በላ? መንገዱ እየረዘመ ስልቻው ካልጎደለ፣ ወይ ደራሲው ዘንግቷል፣ ወይ የተደበቀ ነገር አለ።

ጭራቁን ቶሎ ብሎ ዛር ወይም ቡዳ ማለት ያሳስታል፤ የራሱ ሕግ አለው። ለማነጻጸር ከተፈለገ ለነፍሰ ጡርና ለአራስ የሚጻፈው የሱስንዮስ ክታብ ይሻላል። እዚያ ውርዝልያ የምትባለው ክፉ መንፈስ ሕፃኑን ስትገድል እናት ታለቅሳለች፣ ጦር ይዞ በፈረስ የሚከተላት አባቱ ቅዱስ ሱስንዮስ ነው። በልብ ወለዱ ጦሩ እናትየው እጅ ሲገባ ምን እንደሚለወጥ ተከታተሉ። ጭካኔዋ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ ላይ በቡድን የምታነቡ ከሆነ የረሃቡን ምዕራፍ ሳያስጠነቅቁ ጮክ ብሎ ማንበብ ነውር ነው። የ1966ቱን ወይም የ1977ቱን ያዩ እማማና አባባ ቤት ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። ከአንድ ቀን በፊት ንገሯቸው፤ ካልፈለጉ ምዕራፉን ለየብቻ አንብባችሁ ኑ። ከፈለጉ ግን ከእነሱ የተሻለ ሃያሲ አይገኝም፤ የተራበ ሰው ረጅም ንግግር ሲያደርግ ካዩ ወዲያው ይስቃሉ።

ውይይት የሚበላሸው እናትየው አንዱን ልጅ ትታ ሌላውን ስታድን ነው። «እኔ ብሆን» ከተጀመረ መጽሐፉ ይረሳል። ስለዚህ በአቦል ላይ ገጹ የሚለው ብቻ ይነገር፣ ማስረጃው በገጽ ቁጥር። ፍርድ ከቶና ይጀምር። እስከ በረካ ካልተስማማችሁ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ከደብተሩ ጋር ደግማችሁ አንብቡ፤ ልጁን ለመተው የወሰነችበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ እዚያው ተቀብሯል።