ሪዞልቭ አልከፍት ሲል፦ አሮጌ ኮምፒውተርና የግራፊክስ ካርድ ጣጣ

ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለውን የቪዲዮ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ሌሊቱን ሙሉ አውርዳችሁ፣ ጭናችሁ፣ ገና ስትከፍቱት ስለ ጂፒዩ (የግራፊክስ ካርዱ ቺፕ) የሚያወራ የስህተት መልእክት ይመጣል። ወይም ይከፈትና ቪዲዮ ስታስገቡበት ምስሉ ጥቁር ይሆናል። ያኔ ጓደኛ ሁሉ የሚያዘው መድኃኒት አንድ ነው፤ «ራም ጨምርበት»። እኔም ጨምሬ ነበር። ብሩ ሄደ፣ ስህተቱ እዚያው ቀረ።

አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ካርዱና ሶፍትዌሩ በዕድሜ አለመገናኘታቸው ነው። ስለዚህ ኪሳችሁ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ካርዳችሁን እወቁት።

1. ካርዱ ማን ነው?

የዊንዶውስ ስታርት ቁልፍ ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጉና «ዲቫይስ ማናጀር»ን ክፈቱ። «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» የሚለው ውስጥ ስሙ ይገኛል። «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ካላችሁ ደስ ይበላችሁ። ድራይቨር (ዊንዶውስን ከካርዱ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር) ጭራሽ አልተጫነም ማለት ነው፤ ቶሎ የሚስተካከል ነገር ነው። ኮምፒውተር ፎርማት ተደርጎ ሲመለስ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል።

ስሙ ብቻውን ግን አይታመንም። አንድ ጊዜ ለአሮጌ የቢሮ ዴስክቶፕ ያገለገለ የኤንቪዲያ ጂቲ 730 ካርድ ገዛሁ። ሻጩ «ባለ 2 ጊጋ ነው» አለኝ፤ አልዋሸም። ሪዞልቭ ግን ሊያየው እንኳ አልፈለገም። ለካ ጂቲ 730 የሚባል ካርድ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ኬፕለር በሚባለው ትውልድ ቺፕ የተሠራ ነው። ሌላው ፌርሚ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣውን ቺፕ በ2014 አዲስ ስም ሰጥተው የሸጡት። ካርቶኑ ላይ ሁለቱም ጂቲ 730 ናቸው። የእኔ ዕጣ ፌርሚው ሆነ።

መለያው ጂፒዩ-ዚ የሚባል ትንሽ ነፃ ፕሮግራም ነው። ክፈቱትና የቺፑን ስም እዩ። ጂቲ 730 ላይ ጂኤፍ108 ካለ ፌርሚ ነው፤ ጂኬ208 ካለ ኬፕለር። እዚያው መስኮት ላይ የካርዱን ሜሞሪ መጠንና የድራይቨሩን ቁጥር መዝግቡ።

2. ቁጥሮቹን አነጻጽሩ

ሪዞልቭ 17 እና 18 የሚጠይቁት ቢያንስ 2 ጊጋ የካርድ ሜሞሪ፣ እንዲሁም ኩዳ 11 ወይም ኦፕንሲኤል 1.2 ነው (ሁለቱም ሶፍትዌሩ ካርዱን የሚያሠራባቸው መንገዶች ናቸው፤ ኩዳ የኤንቪዲያ ብቻ ነው)። ለኤንቪዲያ ካርድ ድራይቨሩ ቢያንስ 451.82 መሆን አለበት። ፌርሚ የመጨረሻ ድራይቨሩ በ391 ስለሚጀምር እዚህ ላይ ወደቀ፤ ምንም ብትነካኩት አይነሳም። ኬፕለር እስከ 470 ደርሷል፤ ያልፋል። ከ18 በኋላ የመጡት የሪዞልቭ ቨርዥኖች ደግሞ የባሰ ይጠይቃሉ።

ኢንቴል ኤችዲ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ግራፊክስ) ብቻ ያለው ላፕቶፕ የራሱ የሆነ የካርድ ሜሞሪ የለውም፤ ከራም ይበደራል። የሁለተኛው ትውልድ ኤችዲ 3000 ከሆነ ሪዞልቭን እርሱት። ቀጥታ ወደ ቁጥር 5 ሂዱ።

3. ድራይቨሩን አጽድታችሁ ጫኑ

ከካርዱ አምራች ድረ ገጽ ለካርዳችሁ የተፈቀደውን የመጨረሻ ድራይቨር አውርዱ። «ድራይቨርህን እናድስልህ» የሚሉ ፕሮግራሞችን አትንኩ። ከዚያ ኢንተርኔቱን አጥፉ፤ አለበለዚያ ዊንዶውስ በመሃል ገብቶ የራሱን ይጭናል። በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ በሚነሳበት መንገድ) ግቡና ዲስፕሌይ ድራይቨር አንኢንስቶለር በሚባለው ፕሮግራም የድሮውን ጠርጉ። ከዚያ አዲሱን ጫኑ።

ዴስክቶፕ ከሆነ ጎንበስ ብላችሁ ኬብሉንም እዩ። ስክሪኑ ካርዱ ላይ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ የተሰካበትን ኮምፒውተር ስንቴ እንዳየሁ!

4. ሶፍትዌሩን ካርዱን አሳዩት

ሪዞልቭ ውስጥ «ፕሪፈረንስስ»፣ ከዚያ «ሜሞሪ ኤንድ ጂፒዩ»። «አውቶ» የሚለውን አንሱና ኩዳን ሞክሩ፤ እምቢ ካለ ኦፕንሲኤልን። በየመሃሉ ዘግቶ መክፈት ያስፈልጋል።

ሁለት ካርድ ያለው ላፕቶፕ ላይ ሶፍትዌሩ ብዙ ጊዜ ደካማውን ኢንቴል ይይዛል። በዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ «ሲስተም»፣ «ዲስፕሌይ»፣ «ግራፊክስ» ግቡ። ሪዞልቭን ጨምሩና «ሃይ ፐርፎርማንስ» ምረጡ።

ፕሪሚየር ፕሮ የምትሠሩ ደግሞ ምስሉ ከተሰባበረ ወይም ፕሮግራሙ በየደቂቃው ከተዘጋ «ፕሮጀክት ሴቲንግስ» ውስጥ ሬንደረሩን (ምስሉን የሚሠራውን ክፍል) ወደ «ሶፍትዌር ኦንሊ» ቀይሩት። ይንቀራፈፋል፣ ግን ይሠራል።

5. ካልሆነ ወደ ኋላ ተመለሱ

የድሮ ቨርዥን መጠቀም ነውር የለውም። ለካርዳችሁ የሚመጥነውን ይዛችሁ ሰርግም ልደትም ታወጣላችሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ አዲሱ ቨርዥን ላይ የተከፈተ ፕሮጀክት በድሮው አይከፈትም። አዲሱን ለመሞከር ካሰባችሁ መጀመሪያ ፕሮጀክቱን ኤክስፖርት አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ሾትከት እና ኬዲኤንላይቭም አሉ። ነፃ ናቸው፤ ብዙውን ሥራ በፕሮሰሰሩ ስለሚሠሩ ካርድ ላይ አይጨቃጨቁም።

6. ሸክሙን አቅልሉለት

የዛሬ ስልኮች ብዙዎቹ ኤች.265 በሚባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ይቀርጻሉ። እስከ አራተኛው ትውልድ ያሉ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ይህን የሚፈታ ክፍል በውስጣቸው የላቸውም፤ ለዚያ ነው ቪዲዮው የሚቆራረጠው። ሃንድብሬክ በሚባለው ፕሮግራም ወደ ቀድሞው ኤች.264 ቀይሩት፤ የፍሬም ፍጥነቱንም «ኮንስታንት» አድርጉ። አይፎን ከሆነ ከምንጩ መፍታት ይቻላል፤ ካሜራ ሴቲንግ ውስጥ «ፎርማትስ»፣ ከዚያ «ሞስት ኮምፓቲብል»።

«የጂፒዩ ሜሞሪ ሞልቷል» ካለ ታይምላይኑን ከ4ኬ ወደ 1080 አውርዱ፣ ፕሮክሲ (ለማቀናበር ብቻ የሚያገለግል ቀለል ያለ ቅጂ) ሥሩ።

ይህ ሁሉ አልፎ ካርድ መግዛት ግድ ከሆነ፣ የቢሮ ዴስክቶፕ ላይ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ጥሩ ነው። 4 ጊጋ አለው፤ 75 ዋት ብቻ ስለሚፈልግ አብዛኛው ተጨማሪ የኃይል ኬብል አይጠይቅም። ቀጭን ኬዝ ካላችሁ አጭሩን ዓይነት ፈልጉ። ከባድ ገንዘብ ግን አታውጡበት፤ ኩዳ 13 ይህንንም ትውልድ ትቶታል። ደግሞ በ1050 ቲአይ ስም የሚሸጡ፣ ውስጣቸው ያው የድሮ ፌርሚ የሆኑ ፎርጂዶች አሉ። ሻጩ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ጂፒዩ-ዚን እንዲከፍትላችሁ ጠይቁ። ፎርጂድ መሆኑን ካወቀ ስሙ አጠገብ ይጽፍላችኋል። ሻጩ «ጊዜ የለኝም» ካለ ብሩን ኪሳችሁ መልሱ።