አርማታው ደካማ የሆነ ሕንፃ ሲቃጠል፦ ለእሳት አደጋ ልጆች ከአንድ የድሬ ፌራዮ

አርማታ አይቃጠልም። ይህን እናንተም ታውቃላችሁ፣ ሕዝቡም ያውቃል። ለዚህ ነው ትምህርት ቤት ወይም ቀበሌ እሳት ሲነሳበት «ፎቁ አርማታ ነው፣ ምን ትፈራላችሁ፣ ግቡ!» እያለ ከኋላ የሚገፋችሁ። እኔ የእሳት አደጋ ቱቦ ይዤ አላውቅም፤ ስለ እሳት ላስተምራችሁ አልነሳም። ፌራዮ ነበርኩ፤ አርማታ ውስጥ የሚገባውን ብረት፣ ፌሮውን፣ የምቆርጥና የማስር። በኋላ ፎርማን ሆኜ ከሳቢያን እስከ ለገሃሬ ሶሌታ፣ ማለት የፎቁን የአርማታ ንጣፍ፣ ሳስሞላ ኖሬያለሁ። ከራሳችሁ በላይ የተዘረጋው ነገር ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ ግን አውቃለሁ።

ድሬ ላይ አርማታን የሚያደክመው ብዙ ጊዜ ውሃ ነው፤ መጀመሪያ በዝቶ፣ ቀጥሎ ጠፍቶ። እኩለ ቀን ላይ ድብልቁ ገና ሶሌታው ጋ ሳይደርስ ይጠጥራል። «አቦ ውሃ ጨምርበት!» ይባላል፣ ይጨመራል፣ እንደልብ ይፈሳል። ሲደርቅ ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ከዚያ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ መጠጣት ሲገባው ቦቴው ስለማይመጣ በማግስቱ ይረሳል። ከደቻቱ ወንዝ የወጣው አሸዋ አፈሩ ካልታጠበ ደግሞ ሲሚንቶው ጠጠሩን አይጨብጠውም። ይህ ሁሉ ላዩ ተለስኖ ቀለም ሲቀባ አይታይም። ሰው ሲያይ ያማረ ክሊኒክ ነው።

እሳቱ ሲመጣ የሚሆነው ይህ ነው። አርማታ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ በኋላ አቅሙ እየወረደ ይሄዳል። ፌሮ ከ550 እስከ 600 ዲግሪ ሲደርስ ግማሽ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ሙሉ በሙሉ የተያያዘ ክፍል ደግሞ ከ800 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። በፌሮውና በእሳቱ መካከል ያለው ከሥሩ የተሞላው 2 ሳንቲ ሜትር ግድም አርማታ ብቻ ነው፤ እሱም በደንብ ከተሠራ። ሠራተኛ ሲረግጠው ፌሮው ጣውላው ላይ ተኝቶ የተሞላ ሶሌታ አይቻለሁ። እንዲህ ያለው ከልስኑ በቀር ምንም መከታ የለውም። የብሎኬት ሶሌታ ከሆነ መጀመሪያ የሚረግፈው የብሎኬቱ ሥር ነው፤ ስስ ስለሆነ እየተቆረሰ ራስ ላይ ይወርዳል። ሽንት ቤት ሥር ያለ እርጥብ ሶሌታ ደግሞ ውሃው እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ እንደ ፈንዲሻ ጧ ጧ እያለ ይፈነጠራል። ድምፁን ከሰማችሁ ከሥሩ ውጡ።

እንግዲህ ዋናው ሥራ ሕንፃው ሳይቃጠል የሚሠራው ነው። ሥራ በቀዘቀዘ ቀን ትምህርት ቤቱን፣ ጤና ጣቢያውን፣ የወረዳውን አዳራሽ ሂዱና እዩት። ዳይሬክተሩን አስፈቅዱ፤ ማስጎብኘቱን ግን ለዘበኛው ተዉለት። የትኛው ክፍል እንደሚያፈስ፣ የትኛው ኮርኒስ ባለፈው ክረምት እንደወደቀ የሚያውቀው እሱ ነው።

ከላይኛው ፎቅ ሽንት ቤት ሥር ጀምሩ። ኮርኒስ ካለ አንዷን አንሱና ባትሪ አብሩበት። በእኩል ርቀት የተሰመረ ቡናማ የዝገት መስመር ካያችሁ ፌሮው ዝጎ አብጧል ማለት ነው፤ አርማታውን ከውስጥ እየገፋው ነው። በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ነካ ነካ አድርጉት። ጤነኛው ጠንካራ፣ አጭር ድምፅ ይሰጣል፤ የለቀቀው «ዶ» ይላል። ያልተለሰነ ጥግ ፈልጋችሁ በሚስማር ፈቅፍቁት። አሸዋ ሆኖ እጃችሁ ላይ ከፈሰሰ ሌላ ምርመራ አያስፈልገኝም እላለሁ እኔ።

ከዚያ ጣሪያ ላይ ውጡ። ከኮለኖቹ፣ ከአርማታ ምሰሶዎቹ፣ አናት ፌሮ ቆሞ ከሆነ ባለቤቱ ሌላ ፎቅ እያሰበ ነው። ፎቁ ቀድሞ ተጨምሮ ከሆነ ደግሞ የታችኞቹ ኮለኖች ለእሱ ታስበው እንደሆነ ጠይቁ። ሮቶዎቹን ቁጠሩ። ድሬ ውሃ ስለሚጠፋ ሁሉም ጣሪያው ላይ ሮቶ ይደረድራል፤ 10,000 ሊትሩ ሲሞላ 10 ቶን ነው። ከየትኛው ክፍል በላይ እንደተቀመጠ ጻፉ። መዝገብ ቤቱና ቤተ መጻሕፍቱ ላይኛው ፎቅ ከሆኑ እነሱንም ጻፉ፤ ወረቀት በራሱ ከባድ ነው፣ ውሃ ሲጠጣማ አይወራም። ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ሣሉትና መኪናው ውስጥ ይቀመጥ። ቢሮ ፋይል ውስጥ ከገባ የለም በሉት።

የክብደትን ነገር ደግሜ የማነሳው በምክንያት ነው። በስዊዘርላንድ፣ ግሬትሰንባህ በምትባል ቦታ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የምድር ቤት መኪና ማቆሚያ ተቃጥሎ የአርማታ ጣሪያው ወረደና 7 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። ጣሪያው ላይ አፈር ተሞልቶበት ነበር፤ ሶሌታው በኮለኖቹ ዙሪያ ተበስቶ ወረደ። በእንግሊዝ ደግሞ አየር ባዘለ ቀላል አርማታ የተሠራ የአንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 ያለ ምንም እሳት ወደቀ፤ ቅዳሜና እሁድ ስለነበር ልጆች አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ2023 ትምህርት ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ከ100 በላይ ትምህርት ቤቶች በዚያው አርማታ የተነሳ ሕንፃዎቻቸውን እንዲዘጉ ተነገራቸው። የእኛ ሶሌታ የዚያ ዓይነት አይደለም። ግን ደረጃ አለው የሚባለው አገር እንዲህ ከሆነ የእኛን ማየት አይከፋም።

ጥሪ ሲመጣ ሰዓቱን እናንተ ከደረሳችሁበት አትቁጠሩ። ከፊት ለፊት ያለችውን ጫት ሻጭ «ጭሱን መቼ አየሽው?» በሏት። ሶሌታው የሚያውቀው እሷ የምትነግራችሁን ሰዓት ነው። አንድ ሰው ሕንፃውን ዞሮ በአራቱም በኩል ይየው። ውስጥ ሰው ከሌለ፣ ቀድማችሁ በሣላችሁት ገጽ ላይ «ደካማ» ተብሎ ከተጻፈና እሳቱ ከቆየ አትግቡ፤ ከውጭ አጥፉት። ሕዝቡ ይሰድባችኋል፣ ይሳደብ።

ሰው ካለ የምትገቡበት ምክንያት አለ። ግን ጥቂት ሆናችሁ፣ መውጫችሁን አውቃችሁ፣ በተቻለ መጠን ቢምና (ሶሌታውን የሚሸከመው አግድም አርማታ) ግድግዳ ተጠግታችሁ እንጂ የክፍሉን መሀል አቋርጣችሁ አይደለም። ከሮቶው ሥር አትቁሙ። ውጭ የሚቀረው አንድ ሰው እሳቱን ሳይሆን ሕንፃውን ብቻ ይይ። ሲገባ የተከፈተ በር ሲወጣ አልከፈት ካለ፣ ኮለን አናት ላይ አግድም የሄደ አዲስ ስንጥቅ ከታየ፣ ላይኛው ፎቅ ወለል መሀሉ ረግቦ ውሃ ካቆረ፣ ልስን ሳይሆን ጠጠር ያለበት ቁራጭ ከወደቀ፣ ክላክሱን ሳያቋርጥ ይንፋ። ክላክስ ሲሰማ ቱቦውን ጥላችሁ ነው የምትወጡት።

ውሃችሁም ሸክም ነው። በደቂቃ 500 ሊትር የሚረጭ ቱቦ በ10 ደቂቃ 5 ቶን ያወርዳል። መውረጃ ካላገኘ እዚያው ሶሌታው ላይ ይተኛል። ስለዚህ ላይኛውን ፎቅ ስታጠፉ ውሃው በደረጃው እየወረደ መሆኑን እዩ።

መኪናውን ከግድግዳው ቁመት አንድ ተኩል እጥፍ አርቁ፤ 10 ሜትር ለሆነ ሕንፃ 15 ሜትር። መጋላ ሰፈር ውስጥ ይህ ቦታ ከየት ይመጣል እንዳትሉኝ፣ አውቃለሁ። እዚያ ከሆነ ከሕንፃው ማዕዘን በኩል ቁሙ፤ ግድግዳ ወደ ፊት ሲወድቅ ማዕዘኑ የተሻለ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘናጋበት ሰዓት መጣ፤ እሳቱ የጠፋበት። አርማታ ሲበርድ አቅሙ አይመለስለትም፣ እንዲያውም እየቀዘቀዘ ባለበት ሰዓት ሊሰነጠቅና ሊወርድ ይችላል። አርማታው ውስጥ ያለው አንዳንዱ ድንጋይ 300 ዲግሪ ካለፈ ወደ ሮዝ ይቀላል። ያን ካያችሁ ራቁ፤ ካላያችሁ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም፣ ድንጋዩ ዓይነቱ ብዙ ነው። ፍም ልትፈልጉ፣ የተረፈ ዕቃ ልታወጡ ከሥሩ አትንጎራደዱ። የባሕር ዛፍ ድጋፍ ማቆምም የእናንተ ሥራ አይደለም፤ የሚያቆመው ራሱ ከሥሩ ነውና የሚገባው።

በሩን ዝጉ፣ ዘበኛ አቁሙ፣ የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ አይቶ በጽሑፍ ሳይፈቅድ ማንም እንዳይገባ አድርጉ። መምህራን ለሮስተር ይለምኗችኋል፣ ልጆች ለደብተር በመስኮት ይገባሉ። ዳይሬክተሩ ሮስተሩን ከጠየቀ የትኛው ክፍል፣ የትኛው ቁም ሣጥን እንደሆነ አስጽፉትና ወረቀቱን ለመሐንዲሱ ስጡት፤ መጀመሪያ እዚያ ክፍል ሶሌታ ሥር ይይለት።