ስልተ ቀመሩ አድልቷል? ከምልክቱ ወደ ምንጩ፣ ከምንጩ ወደ ማረሚያው

ብድር የሚፈቅድ፣ ድጋፍ የሚመድብ፣ ሥራ አመልካች የሚያጣራ ወይም ሕመምተኛ የሚያስቀድም ሥርዓት አንድን ማኅበረሰብ ሲበድል፣ አብዛኛው የባለሙያዎች ቡድን መጀመሪያ የሚነካካው ከዳታ ተምሮ ግምት የሚሰጠውን ሞዴል ነው። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ከሥልጠናው በፊት ተሠርቶ ያለቀ ነው። ምን ይገመት ተብሎ እንደተወሰነ፣ በዳታው ውስጥ ማን ተቆጥሮ ማን እንደቀረ፣ ስህተት ሲፈጠር ማን ላይ እንዲያርፍ እንደተተወ ቀድሞ መታየት አለበት። ከታች ያሉት ችግሮች በምርመራ ቅደም ተከተል የተደረደሩ ስለሆኑ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳትጨርሱ ወደ ሒሳብ ማስተካከያው አትዝለሉ።

ምልክት፦ አማካይ ትክክለኝነቱ ከፍተኛ ነው፤ ቅሬታው ግን ከአንድ ወገን ብቻ ይመጣል

ምክንያት፦ አማካይ ቁጥር አናሳውን ይውጣል። በ10,000 ሰው ላይ የተፈተነ ሥርዓት እንውሰድ። ከብዙኃኑ ወገን የሆኑት 9,500 ሰዎች ላይ 96 በመቶ ትክክል ቢሆን፣ ቀሪዎቹ 500 ላይ ግን 60 በመቶ ብቻ ቢያገኝ፣ ጠቅላላ ውጤቱ 94.2 በመቶ ይሆናል። ሪፖርቱ ያምራል፤ ከ500ው ግን 200 ሰው ተሳስቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ጆይ ቡኦላምዊኒ እና ትምኒት ገብሩ ከፊት ፎቶ ጾታ የሚለዩ የንግድ ሥርዓቶችን ሲፈትኑ፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ ስህተቱ እስከ 34.7 በመቶ ደርሶ ተገኘ፤ ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ከ0.8 በመቶ አልበለጠም። ውጤቱ በጾታ ብቻ ወይም በቆዳ ቀለም ብቻ ተከፋፍሎ ቢታይ ኖሮ የክፍተቱ ስፋት ባልታወቀ ነበር።

መፍትሔ፦ እያንዳንዱን ቡድን ለብቻው፣ የተደራረቡትንም ለብቻቸው ፈትኑ፤ ለምሳሌ ሴቶችን፣ አካል ጉዳተኞችን፣ ከዚያም አካል ጉዳተኛ ሴቶችን። ሁለቱን የስህተት ዓይነቶች አትደባልቁ፦ የሚገባው ሆኖ የተከለከለ ሌላ ነው፣ የማይገባው ሆኖ የተሰጠው ሌላ ነው።

የናሙናው ብዛት እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። እውነተኛው ስህተት 10 በመቶ አካባቢ ከሆነ፣ 50 ሰው ብቻ ስትፈትኑ ልኬቱ ወደ ላይም ወደ ታችም 8 የመቶኛ ነጥብ ያህል ሊዋዥቅ ይችላል፤ 400 ሰው ሲሆን ውዥዋዜው ወደ 3 የመቶኛ ነጥብ ይወርዳል። በ60 ሰው ላይ አንድም ስህተት አልተገኘም ማለትም ስህተት የለም ማለት አይደለም። 3ን ለተፈተነው ሰው ብዛት፣ ለ60 አካፍሉ፤ እስከ 5 በመቶ የሚደርስ ስህተት ተደብቆ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ለመፈተኛ ዳታ ስትሰበስቡ በሕዝብ ብዛት መጠን አትከፋፍሉ፤ ከትንሹ ቡድንም ቢያንስ ጥቂት መቶ ሰው ይኑር።

ማን የየትኛው ማኅበረሰብ አባል እንደሆነ መረጃ የለንም የሚሉ ባለሙያዎችም አሉ። ከስም ወይም ከፎቶ መገመት አቋራጭ ይመስላል፤ ነገር ግን ግምቱ በብዛት የሚስተው መርምሩልን በሚሉት ሰዎች ላይ ስለሆነ ልኬቱን ያበላሸዋል። የሚሻለው ፈቃደኞችን ጠይቆ ለፍተሻ ብቻ የሚያገለግል መረጃ መሰብሰብ፣ ከዋናው መዝገብ ለይቶ ማስቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው በስም መወሰንና የሚጠፋበትን ቀን አስቀድሞ መጻፍ ነው።

ምልክት፦ ሞዴሉ የተጠየቀውን በትክክል ይገምታል፤ ውጤቱ ግን ፍትሕ የለውም

ከሁሉም ጥፋት ይህኛው ይከፋል፤ ምክንያቱም የትክክለኝነት ፈተናውን ሁሉ ያልፋል። ጥፋቱ ያለው ሞዴሉ እንዲገምት የተሰጠው ነገር ላይ ነው። የምንፈልገውን በቀጥታ መለካት ሲያቅተን በቀላሉ የሚገኝ ሌላ ቁጥር እንተካለን፤ ተተኪው ቁጥር ግን ያለፈውን በደል ይዞ ይመጣል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። በአሜሪካ ተጨማሪ ክትትል የሚያስፈልጋቸውን ሕመምተኞች የሚመርጥ አንድ ሥርዓት ይገምት የነበረው የሕክምና ወጪን ነበር፤ ብዙ ወጪ ያለበት ብዙ ታሟል በሚል ስሌት። ጥቁር አሜሪካውያን ግን ሕክምና የማግኘት ዕድላቸው ጠባብ ስለሆነ በተመሳሳይ የሕመም ደረጃ ላይ እያሉም የሚወጣላቸው ወጪ ያንሳል። በዚህም እኩል ነጥብ ካገኙት ነጮች ይልቅ በጠና የታመሙ ሆነው ተገኙ። ተመራማሪዎቹ እንዳሰሉት መዛባቱ ቢታረም በቀጥታ ለክትትል ከሚመረጡት ውስጥ የጥቁሮች ድርሻ ከ17.7 ወደ 46.5 በመቶ ከፍ ይል ነበር። አንድም የዘር ዓምድ በስሌቱ ውስጥ አልነበረም።

ማረሚያው ከወረቀት ይጀምራል። በግራ በኩል በእርግጥ ማወቅ የምትፈልጉትን ጻፉ፣ በቀኝ በኩል የምትለኩትን፤ ከዚያ በሁለቱ መካከል ማን ሊወድቅ እንደሚችል ጠይቁ። «ወንጀል» እና «መታሰር» አንድ አይደሉም፤ ፖሊስ በበዛበት ሠፈር እስር ይበዛል። «ችሎታ» እና «ከዚህ በፊት መቀጠር» አንድ አይደሉም። «መክፈል የማይችል» እና «የብድር ታሪክ የሌለው» ደግሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቀጥሎ ሰዎችን ባገኙት ነጥብ በ10 እርከን ከፋፍሉና በየእርከኑ የየቡድኑን እውነተኛ ሁኔታ አነጻጽሩ፤ ለጤና ሥርዓት የሕመሙን ብዛት፣ ለብድር የተከፈለውን ዕዳ። በአንድ እርከን ላይ ያሉ ሁለት ቡድኖች ሁኔታቸው ከተራራቀ፣ መለወጥ ያለበት የሚገመተው ነገር ነው። ዳታ ብትጨምሩበት ስህተቱን ይበልጥ አጥብቆ ይማረዋል እንጂ አይድንም።

ምልክት፦ የጾታውን ወይም የብሔሩን ዓምድ አጥፍተናል፤ ልዩነቱ ግን አልጠፋም

ሌሎቹ ዓምዶች ያንኑ መረጃ በተዘዋዋሪ ይናገራሉ። አድራሻ፣ የትምህርት ቤት ስም፣ የስልክ ዓይነት፣ በሥራ ታሪክ ላይ ያለ ክፍተት እያንዳንዳቸው ትንሽ ፍንጭ ይሰጣሉ፤ ሲደመሩ ግን ማንነቱን ይገልጡታል። አማዞን ሲያዳብረው የነበረ አንድ የሥራ አመልካች ማጣሪያ «የሴቶች» የሚል ቃል ያለበትን የሕይወት ታሪክ ዝቅ ያደርግ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2018 ተዘግቧል። የሠለጠነው በአብዛኛው ወንዶች ባስገቧቸው የቆዩ ማመልከቻዎች ነበር።

ለማጣራት የቀሩትን ዓምዶች ብቻ ሰጥታችሁ ቡድኑን የሚገምት ትንሽ ሞዴል አሠልጥኑ። ከየቡድኑ አንድ አንድ ሰው እየወሰደ ትክክለኛውን የሚለየው ከ100 ጊዜ 50 ያህሉን ከሆነ ምንም አላወቀም፤ 80ና ከዚያ በላይ ከሆነ ዓምዱን ማጥፋታችሁ ለይስሙላ ነው። ዓምዶችን አንድ በአንድ እያወጣችሁ መልሳችሁ ፈትኑ። ቡድኑን አብዝቶ የሚያጋልጥ፣ ለውሳኔው ግን እምብዛም የማይጠቅም ዓምድ ይውጣ። ሁለቱንም የሚያደርግ ዓምድ ሲገጥማችሁ የሚሻለው በቀጥታ የሚለካ ምትክ መፈለግ ነው፤ ለምሳሌ በአድራሻ ፈንታ በቋሚነት የተከፈለ የኪራይ ወይም የመብራት ሒሳብ። የቡድኑን ዓምድ ግን ከሥልጠናው አውጡት እንጂ ከፍተሻው አታውጡት፤ ያለ እሱ አድልዎ መኖሩን እንኳ ማወቅ አይቻልም።

ምልክት፦ ድምፅ፣ ምስል ወይም ጽሑፍ ሲቀበል በአንዳንዶች ላይ ብቻ ይደናገራል

ሁልጊዜ የሞዴል ጉዳይ አይደለም፤ መሣሪያው ራሱ አጣሞ ሊለካ ይችላል። በጣት ላይ እየተሰካ የደም ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ ጥሩ ንባብ እያሳየ ኦክስጅናቸው ግን አደገኛ በሆነ መጠን ዝቅ ብሎ የተገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ጥናት፣ ከጥቁር ሕመምተኞች 11.7 በመቶው ላይ፣ ከነጮቹ 3.6 በመቶው ላይ ነበር። እንዲህ ያለ ንባብ የሚመገብ ማንኛውም ስልተ ቀመር ስህተቱን ይወርሳል። በዚያው ዓመት የተፈተኑ የንግግር ማወቂያ ሥርዓቶችም ከጥቁር አሜሪካውያን ንግግር በአማካይ ከ100 ቃል 35ቱን ሲስቱ ከነጮቹ 19 ስተዋል።

በጽሑፍ በኩል ፊደሉን ተመልከቱ። ኮምፒውተር ፊደል በሚመዘግብበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው አሠራር አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲወስድ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ይወስዳል፤ ጽሑፉን ቶክን ወደሚባሉ ቁርጥራጮች የሚከፍለው፣ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የሠለጠነ መቆራረጫ ደግሞ የአማርኛን ቃል ይበታትነዋል። ያው ሐሳብ ብዙ ቶክን ይፈጃል፣ ይዘገያል፣ በቶክን በሚያስከፍል አገልግሎት ላይም ይወደዳል። ስም የሚያመሳክር ሥርዓት ላይ «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሐይሉ» ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይሆናሉ። ስለዚህ ከማመሳከር በፊት ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ኀ እና ኃ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ወደ አንድ መልክ ይምጡ፤ ለሰውየው የሚታየው ስም ግን እሱ እንደጻፈው ይቆይ። ለድምፅም ለምስልም ማረሚያው ከራሳቸው ከተጠቃሚዎቹ፣ በፈቃድና በክፍያ፣ በሚኖሩበት ጫጫታና ብርሃን ውስጥ ዳታ መሰብሰብ ነው። ይህ እስኪሆን በዚያ ቡድን ላይ ሥርዓቱን አታሠሩት፤ በሰው የሚስተናገዱበት በር ይከፈት።

ምልክት፦ አንዱ የፍትሕ መለኪያ ሲስተካከል ሌላው ይበላሻል

ይህ የኮድ ስህተት አይደለም፤ ሒሳቡ ነው። ሁለት ቡድኖች አስቡ፣ እያንዳንዳቸው 1,000 ሰው። ዕዳ የማይከፍሉት በመጀመሪያው 500፣ በሁለተኛው 200 ናቸው። ሥርዓቱ በሁለቱም ቡድን ከማይከፍሉት 60 በመቶውን ይይዛል፤ «አይከፍልም» ካላቸውም በሁለቱም 60 በመቶው እውነት ነው። እኩል ይመስላል። ነገር ግን በመጀመሪያው ቡድን 200 ከፋዮች ያለ ጥፋታቸው ተይዘዋል፣ ማለትም ከ500ው 40 በመቶ፤ በሁለተኛው 80፣ ከ800ው 10 በመቶ። የመነሻው መጠን እስከተለያየና ግምቱ ፍጹም እስካልሆነ ድረስ ሁሉንም በአንድ ላይ ማስተካከል አይቻልም። በአሜሪካ ተከሳሽ ዳግም ወንጀል የመሥራት ዕድሉን በሚገምተው ኮምፓስ በተባለ ሥርዓት ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 የተነሳው ክርክር ይኸው ነበር። ዳግም ወንጀል ካልሠሩት ውስጥ አደገኛ ተብለው የተመዘገቡት ከጥቁሮቹ 44.9፣ ከነጮቹ 23.5 በመቶ ነበሩ፤ አምራቹ ደግሞ ነጥቡ ለሁለቱም እኩል ይተነብያል ሲል ተከላከለ።

ስለዚህ መለኪያ መምረጥ ግድ ነው፤ ምርጫውም በጉዳቱ ይወሰን። ውሳኔው ቅጣት ወይም ክልከላ ከሆነ ያለ ጥፋት የሚያዙት መጠን ይመጣጠን። ውሳኔው እርዳታ ከሆነ፣ እየተገባቸው የሚታለፉት መጠን። ይህን የሚወስነው መሐንዲሱ ብቻውን መሆን የለበትም፤ ውሳኔው የሚያርፍባቸው ሰዎች ተቀምጠው ይነጋገሩበት፣ ውጤቱ ከመታየቱ በፊትም ይጻፍ። ቁጥሩን አይቶ መለኪያ መምረጥ ፍተሻውን ዋጋ ያሳጣዋል።

ምልክት፦ የሠለጠነበት የድሮ ውሳኔ ራሱ ያደላ ነው

የተሻለ መዝገብ ከሌለ፣ ሞዴሉ ሲሠለጥን አንዳንዱን መዝገብ ከሌላው አብልጦ እንዲቆጥር ለየመዝገቡ ክብደት መስጠት ይቻላል። ቀመሩ፦ የቡድኑ ድርሻ ሲባዛ በውጤቱ ድርሻ፣ ሲካፈል በሁለቱ በአንድነት የታየበት ድርሻ። ከ1,000 አመልካቾች 200ው ከተገለለው ቡድን ናቸው እንበል፤ በጠቅላላው 500 ተቀብለዋል፣ ከነሱ 40 ብቻ የዚህ ቡድን ናቸው። የተቀበሉት 40ዎቹ 0.2 × 0.5 ÷ 0.04 = 2.5 ክብደት ያገኛሉ፤ ያልተቀበሉት 160ዎቹ 0.625። ልብ በሉ፣ 40 መዝገብ በ2.5 ሲባዛ ክብደቱ 100 ቢሆንም መዝገቡ ያው የ40 ሰው ነው። ከ40ው ጥቂቶቹ በስህተት የተመዘገቡ ቢሆኑ ስህተቱም በ2.5 ይባዛል። መጀመሪያ እነዚያን 40 መዝገቦች በእጅ አንብቡ።

ምልክት፦ ሥራ ላይ ሲውል ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል

ብድር የተከለከለ ሰው ይከፍል እንደነበር የሚያሳይ መዝገብ የለውም፤ ስለዚህ ሞዴሉ ከስህተቱ የሚማርበት ዕድል አያገኝም። በፖሊስ ሥምሪት ላይም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካዋን ከተማ የኦክላንድን የአደንዛዥ ዕፅ ወንጀል መዝገብ ተጠቅሞ የተሠራ ጥናት፣ ትንበያው ፖሊስን ደጋግሞ ቀድሞ ወደሚፈተሹት ሠፈሮች እንደሚልክ አሳይቷል፤ ዕፅ ተጠቃሚው ግን በከተማው ተሰራጭቶ ይኖር ነበር። አዙሪቱን ለመስበር ከመቁረጫ ነጥቡ በታች ካሉት ጥቂቱን፣ ለምሳሌ 5 በመቶውን፣ በዕጣ ተቀብላችሁ ውጤታቸውን ተከታተሉ። ይህ የሚሠራው ዕድል በሚሰጥ ውሳኔ ላይ ነው፤ በዕጣ መቅጣት አይቻልም።

ምልክት፦ የተበደለው ሰው ውሳኔውን ማስለወጫ መንገድ የለውም

በኔዘርላንድ የሕፃናት እንክብካቤ ድጎማ ጉዳይ በማጭበርበር ጥርጣሬ በርካታ ወላጆች ያለ አግባብ ገንዘብ መልሱ ተብለዋል፤ ዜግነት እንደ ሥጋት መለኪያ ማገልገሉም ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 መንግሥቱ ሥልጣን ለቀቀ። በአውስትራሊያ ሮቦዴት ተብሎ የሚታወቀው፣ የመንግሥት ድጎማ ተቀባዮች ከሚገባቸው በላይ ወስደው እንደሆነ የሚያሰላ አሠራር የዓመት ገቢን በየሁለት ሳምንቱ እኩል አካፍሎ፣ ገቢያቸው የሚዋዥቅ ድሆችን ባለዕዳ አደረገ፤ ዕዳው የለብኝም ብሎ የማስረዳቱ ሸክምም በእነሱ ላይ ወደቀ።

እያንዳንዱ ውሳኔ የተወሰነበትን ምክንያት ሰውየው በሚችለው ቋንቋ፣ በጽሑፍም በቃልም ይስጥ። ይግባኙ በስልክ ወይም በአካል ይቻል፤ የሚሰማው ሰውም የመሻር ሥልጣን ይኑረው። ይግባኙ እስኪታይ ቅጣቱ ወይም ክፍያው ይቁም። በየወሩ ሁለት ቁጥር በየቡድኑ አውጡ፦ ስንት ሰው ይግባኝ አለ፣ ስንቱ ተሻረለት። የተሻረለት ከበዛ ሞዴሉ በዚያ ቡድን ላይ ተበላሽቷል። ይግባኝ ባዩ ከተከለከለው አንጻር እጅግ ጥቂት ከሆነ ደግሞ በሩ አልታወቀም ወይም አይከፈትም፤ የማኅበረሰቡን ሰዎች ይዛችሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራሳችሁ ሞክሩት። ሥርዓቱ የሚዘጋበት የስህተት ልክና የመዝጋት ሥልጣን ያለው ሰው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይወሰን።