የድሮ ሚኒባሴን ዝገት እንዲህ ነው ያስቆምነው

ደሴ ላይ አሮጌ መኪና ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ክረምቱ ጭጋጉ ጭቃው ብረት አያደርቅም። የኔዋ ከኋላ አልጋ የገጠምኩላት ናት፣ ሐይቅ ዳር የምናድርባት፣ በሯ ስር ቀለሙ አብጦ በጣት ስጫነው ቀዳዳ ሆነ።

ድሮ የሰራት ሰው ዝገቱ ላይ ስቱኮ ለጥፎበት ነበር፣ ስቱኮ ደግሞ እርጥበት ይመጥጣል፣ ስለዚህ ከስር እየበላ ይሄዳል። ከባትላሜራው (የመኪና አካል ጠጋኙ) ጋር ሆነን ነጭ ብረት እስኪታይ በግራይንደር አወረድነው፣ የሳሳውን ቆርጠን አዲስ ላሜራ በየድን (ከብየዳ በፊት ባትሪ ንቀሉ፣ ምንጣፍና ስፖንጅ አውጡ፣ እሳት ይነሳል!)፣ ጉድጓድ ጉድጓዱ ውስጥ የቀረውን ዝገት ፎስፎሪክ አሲድ ባለው የዝገት ማጥፊያ ቀባነው፣ ሲጠቁር ታጥቦ በደንብ ደረቀ፣ ከዛ ኢፖክሲ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ ቅብ)፣ ስቱኮ ካስፈለገ ከዛ በላይ በስሱ፣ ከዛ ቀለም። ተራ ፕራይመር ብቻውን ውሃ ያሳልፋል፣ ቀለም ሳይቀባ ዝናብ ላይ እንዳታቆሟት።

ዋናው ግን የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ ናቸው ወንድሞቼ። በሩ ከታች ጠርዙ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ አለው፣ ጭቃ ሲደፍነው በመስታወቱ ጎማ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ ከውስጥ ይበላል፣ ከውጭ ስታዩት ምንም የለውም። በቀጭን ሽቦ ከፈትናቸው፣ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ በሩ ውስጥ የዝገት መከላከያ ሰም ረጨንበት።

ሰው የሚያድርባት ከሆነች ደግሞ ትንፋሹና የቡናው እንፋሎት ቀዝቃዛው ብረት ላይ ውሃ ሆኖ ከምንጣፍ ስር ይጠራቀማል፣ መስኮት ትንሽ ክፈቱ፣ ጠዋት ምንጣፉን ገልጣችሁ አድርቁ። ያበጠ ቀለም ያያችሁ አብሽሩ፣ ይሰራል፣ ብቻ ሐምሌን አትጠብቁ።