የአሜሪካ ካምኮርደር አዳራሽ ውስጥ ሲርገበገብ ያስተካከልኩበት መንገድ
ከአሜሪካ በመጣች ተራ ኤችዲ ካምኮርደር አዲስ አበባ ሰርግ ስቀርጽ ምስሉ ይርገበገብ ነበር። ግድግዳው ላይ ጥቁር ጥላ ይንሸራተታል፣ የሙሽራዋ ቬሎ አንዴ ይደምቃል አንዴ ይደበዝዛል። ካሜራዋ ግን ደህና ናት። የኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ዙር) ነው፣ የአሜሪካ 60፤ የአዳራሹ መብራት በየዙሩ ሁለቴ፣ ማለትም በሰከንድ 100 ጊዜ እየደመቀ ሲደበዝዝ እሷ ደግሞ በሰከንድ 30 ፍሬም ስለምትቀርጽ ሁለቱ አይገጣጠሙም። ሜኑ ገብቼ ሹተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ለምን ያህል ጊዜ ብርሃን እንደሚቀበል የሚወስነውን) ከአውቶ አወጣሁና ከመብራቱ ጋር እንዲገጥም 1/100 ሰከንድ ላይ ቆለፍኩት። መርገብገቡ ወዲያው ቀረ! ቀጥሎ ነጭ ወረቀት አስይዤ ዋይት ባላንሱን (ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገውን) አስተካከልኩ፣ ኤክስፖዠሩንም (የምስሉን የብርሃን መጠን) ቆለፍኩ፤ ቪዲዮን የጀማሪ ሥራ የሚያስመስለው እኮ ቀለሙና ብርሃኑ በየደቂቃው መለዋወጡ ነው። ብርሃን ካነሰባችሁ ጌይን (ካሜራው ምስሉን በኤሌክትሮኒክስ የሚያደምቅበትን) ለመጨመር አትቸኩሉ፣ ምስሉን ያሻክረዋል። ካሜራችሁ የ1/50 ሹተር ካለው፣ ብርሃን ስለሚጨምር መጀመሪያ እሱን ሞክሩ።