ባቲ እያዘፈኑ ዘይት ሲሸጡልን፦ ማስታወቂያን እንዴት እንይ?

ወሎዬ ከሆናችሁ ይሄን ታውቁታላችሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ ባቲ ቅኝት ይጀምራል፣ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ሹሩባ የተሠራች ቆንጆ ከረከቦቱ ኋላ ተቀምጣ ቡና ትቀዳለች፣ እናት ፈገግ ይላሉ፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ሆዳችን ባባ ሲል አንድ ጄሪካን ዘይት ብቅ ይላል። ምን አገናኛቸው? ምንም። የሸጡልን የራሳችንን ቤት ነው፤ ዘይቱ ተደርቦ መጣ።

እንግዲህ መጀመሪያ ድምፁን አጥፉት። ዘፈኑ ሲወጣ የማስታወቂያው ግማሽ አብሮ ይወጣል። ከዚያ ስለ ዕቃው የተነገረውን ብቻ ለቅማችሁ ያዙ። ከምን ተሠራ? ስንት ሊትር ነው? ዋጋውስ? ብዙ ጊዜ አንዱም የለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሳያስወጣቸው በፊት የነበሩትን የቢራ ማስታወቂያዎች አስታውሱ፦ ጀግንነት፣ እስክስታ፣ አገር፣ ጓደኝነት። ስለ ቢራው ግን ምን ሰማችሁ? ባቲ ሰኞ ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው የባለቤቱን ውዳሴ ሰምቶ ብር አይቆጥርም፤ የበሬውን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ያያል።

ቀጥሎ፣ ማን እንደሌለ ፈልጉ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። «የወሎ ቆንጆ» የሚለው ስም ለአስተዋዋቂ የተዘጋጀ እንጀራ ነው፤ ግን የትኛዋን ወሎዬ ነው የሚያሳዩን? ቀይ፣ ቀጭን፣ አዲስ ቀሚስ የለበሰችዋን። ጠይሟ የለችም፣ ገበሬዋ የለችም፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ በሌሊት ሺፍት የምትገባዋም የለችም። የቆዳ ማቅያ ቅባት ማስታወቂያ ደግሞ ይብሳል። «አስቀያሚ ነሽ» አይልም፣ ብልጥ ነው፤ ጠይሟን አኩርፋ ያሳያችኋል፣ ስትቀላ ትስቃለች። ልጃችሁ አብራችሁ የምታይ ከሆነ አትቆጧት፣ ስብከትም አያስፈልግም። «ከመቀባቷ በፊት ምን ጎደላት?» በሏትና መልሱን እሷ ታግኘው። ይዘቱ ያልተጻፈበት ቅባት ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከመልክም ያልፋል፤ ቆዳ ያቀላሉ ከሚባሉት አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው፣ ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። እሱን በቃ ተዉት።

ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ያለውን ታውቁታላችሁ፦ «ኦሪጅናል የቱርክ»፣ «ጥቂት ፍሬ ነው የቀረው»፣ «ዋጋ በውስጥ መስመር»። ዋጋ የሚደበቀው ለምን ይመስላችኋል? እንደየሰዉ ለመጥራት ነው ባይ ነኝ። እዚያው ሰው በሚያየው ቦታ ጠይቁ፤ ካልመለሱ ደሴ ፒያሳ ወጣ ብላችሁ ዕቃውን በእጃችሁ ዳስሱት። ሠርግ ከደረሰባችሁ ደግሞ (ቬሎው፣ ዲኮሩ፣ ቪዲዮው፣ ኧረ ስንቱ!) በጀቱን ስልክ ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀት ላይ ጻፉት። ከከፈታችሁ በኋላ የሚጻፈው ሻጩ የሚፈልገው በጀት ነው።

ተታለልን ካላችሁ፣ አሳሳች ማስታወቂያ በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ክልክል መሆኑን ያዙ። ማስታወቂያውን፣ የተጻጻፋችሁትንና የከፈላችሁበትን ስክሪንሹት አንስታችሁ ወደ ንግድ ቢሮ ሂዱ። ታዲያ ሻጩ ፖስቱን ሳያጠፋው፣ ዛሬውኑ።