የሰርግ እንግዶችን ከተማ ስታዞሩ፦ ጥቂት ቦታ፣ ሰፊ ጊዜ

ሰርጉ ቅዳሜ ነው፤ ከሩቅ የሚመጡት ግን ሐሙስ ማታ ገብተዋል። አርብ በጠዋት አጎት ይደውላሉ። «እኛ ተነስተናል፣ ዛሬ ወዴት ነው የምትወስደን?» ስልኩን ያነሳው ሙሽራው ነው፤ እሱ ደግሞ ሱፉን ሊያስተካክል ልብስ ሰፊ ጋ ቆሟል። ምን ይበል?

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አስጎብኚ ሹሙ። ሙሽሮቹ አይሆኑም። ሚዜዎቹም የራሳቸው ጣጣ አለባቸው፣ ወላጆቹ ደግሞ ጭራሽ አይታሰቡም። የሚሻለው ከተማውን የሚያውቅ፣ ሰርጉ ላይ ሥራ ያልተሰጠው፣ ከሽማግሌም ከሕፃንም ጋር ወሬ የማያጣ አንድ ዘመድ ወይም ጓደኛ ነው። እንግዶቹ ገና ጉዞ ሳይጀምሩ ቁጥሩ ይላክላቸው፣ የቴሌግራም ወይም የዋትስአፕ ግሩፕም ይከፈት። ግሩፑ ውስጥ ሙሽሮቹን አታስገቡ። የምሬን ነው፤ ካስገባችኋቸው ጥያቄው ሁሉ ዞሮ እነሱ ላይ ነው የሚያርፈው።

ቀን አመራረጥ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሰርጉ ዕለት ጉብኝት የለም፣ በቃ። ፀጉር አለ፣ ልብስ አለ፣ መንገድ ይዘጋል። እግሩን ማፍታታት የሚፈልግ ካለ ካረፈበት አካባቢ ሳይርቅ ይንሸራሸር። ዋዜማው ላይ ግማሽ ቀን ይበቃል፣ ያውም ቅርብ ቦታ። ዋናውን ዙር ለማግስቱ አቆዩት፤ ግን በጠዋት ተነሱ ብላችሁ አታስጨንቁ፣ ሌሊቱን ሲጨፍር ያደረ ሰው ረፋድ ላይ ቢነሳም ጎበዝ ነው።

ከሌላ አህጉር የሚመጣ ካለ ደግሞ ሰውነቱ ገና እዚያው አገሩ ነው። በግምት ለእያንዳንዱ የሰዓት ልዩነት አንድ ቀን ያህል ያስፈልገዋል፣ ማለትም 7 ሰዓት ከሚለይ አገር የመጣ ሰው ሰርጉ አልፎም ላይስተካከል ይችላል። እሱን በመጀመሪያው ከሰዓት በኋላ ጨለም ያለ ሙዚየም ውስጥ ብታስገቡት ቆሞ ያንቀላፋል። ደጅ አውጡት፤ የቀን ብርሃን የሰውነትን ሰዓት ለማስተካከል ይረዳል። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ የሚል ከሆነ ደግሞ ከቆላ የመጣውን ሰው በመጀመሪያው ቀን ዳገት አታስወጡት፤ ራስ ምታቱና የትንፋሽ ማጠሩ ለሰርጉ ሊተርፍ ይችላል።

አሁን ወደ ቦታው። ሰው ዝርዝር ሲሠራ አሥር ቦታ ይጽፋል፣ ሦስቱን እንኳ ሳያይ ይመሻል። እኔ የምለው፦ ለግማሽ ቀን አንድ ትልቅ ቦታና አንድ ትንሽ ቦታ። ትልቁ ከተማው የሚታወቅበት ነገር ይሁን፤ ያንን ሳያዩ ከተመለሱ «እዚያ ድረስ ሄዳችሁ?» መባላቸው አይቀርም። ትንሹ ግን ከሙሽሮቹ ሕይወት ቢወጣ ይመረጣል። የተዋወቁበት ግቢ፣ እሷ የተማረችበት ትምህርት ቤት፣ እሱ ዝናብ ውስጥ ቆሞ ሁለት ሰዓት የጠበቀበት ፌርማታ። መግቢያ አይከፈልበትም፣ ሰልፍ የለበትም፣ ማንም አስጎብኚ ድርጅት አያሳያቸውም። አንድ ሰርግ ላይ አንድ ተራ የድንጋይ ደረጃ አሳይተናቸው ነበር፤ ልጁ የጋብቻ ጥያቄውን ያቀረበው እዚያ ላይ ነው። እንግዶቹ ከታላቁ ሐውልት ይልቅ ያንን ደረጃ ነው ደጋግመው ፎቶ ያነሱት። እንዲህ ያሉ አራት አምስት ቦታዎችን ከሙሽሮቹ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ታሪኩንም አጣሩ። የቀድሞ ፍቅረኛ የሚገባበት ታሪክ ከሆነ ዝለሉት።

ዝግ ቀን! ይሄ ላይ እኔው ተዋርጃለሁ። አሥራ አራት ሰው ይዤ አንድ ሙዚየም በር ላይ ደረስኩ፣ በሩ ተቆልፏል፣ ሰኞ ነበር። ብዙ ሙዚየሞች ሰኞ ይዘጋሉ፣ ግን ሁሉም አይደሉም፤ የፓሪሱ ሉቭር የሚዘጋው ማክሰኞ ነው፣ ታጅ ማሃል ደግሞ አርብ። ስለዚህ በግምት አትሂዱ፣ ኢንተርኔት ላይ የተጻፈውንም ብቻ አትመኑ፣ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ደውሉ። የአምልኮ ቦታ ከሆነ የጸሎት ሰዓቱን፣ አለባበሱን፣ ጫማ ይወልቅ እንደሆነና ፎቶ ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ። ነጠላ ወይም ሻርፕ የሚያስፈልግ ከሆነ ከመኪናው ከመውረዳቸው በፊት ሳይሆን ማታውኑ ንገሯቸው።

ርቀትን በስልካችሁ ካርታ አትለኩ። ካርታው የሚያስበው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚራመድ ጤነኛ ጎልማሳ ነው። አያትና ሕፃን ሲጨመሩ 20 ደቂቃ የተባለው 40 ይሆናል፣ መጸዳጃ የሚፈልግ ሲመጣ ደግሞ ከዚያም በላይ። አስጎብኚው መንገዱን አስቀድሞ ራሱ ይሂድበት፤ መቀመጫ የት አለ፣ ጥላ የት አለ፣ መጸዳጃው ክፍት ነው ወይ የሚለውን ይይ። ከአሥር ሰው በላይ ከሆኑ ለሁለት ክፈሏቸው። ልጆች ያላቸው ለብቻ ቢሆኑ ለሁሉም እፎይታ ነው፤ ሕፃን ልጅ ሜዳ ካገኘ የነገሥታት ዘውድ ምኑም አይደለም።

ከፍታ ላይ ሆኖ ከተማ የሚታይበት ቦታ ካለ ፀሐይ ከመጥለቋ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። እኩለ ቀን ላይ ፊት ላይ ጥላ ይወድቃል፣ ፀሐዩም ያቃጥላል። ሙሽሮቹ በሰርጉ ዕለት ፎቶ የሚነሱበት ቦታ ግን ከሆነ ለእነሱ ተዉላቸው።

ስልክ ላይ ሁለት ነገር ብቻ። እንግዶቹ የከተማውን ካርታ በዋይፋይ አስቀድመው ጎግል ማፕ ላይ ያውርዱ፣ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል። አስጎብኚው ደግሞ ቀጥታ ሎኬሽኑን ለ8 ሰዓት ግሩፑ ላይ ያጋራ፤ የጠፋ ሰው ራሱ ይከተለዋል። ስልኩ ቢዘጋበትስ? ያረፈበት ቤት ስምና አድራሻ በአገሩ ቋንቋ ተጽፎ ኪሱ ውስጥ ይኑር፣ ለሹፌር ያሳያል።

የገንዘቡን ነገር ደግሞ በግልጽ ተነጋገሩ። መግቢያና መኪና ማን ይከፍላል? ማታውኑ ግሩፑ ላይ ይጻፍ። አለበለዚያ ትኬት መስኮቱ ጋ «እኔ ልክፈል»፣ «የለም እኔ» እየተባለ ከኋላ ሰልፈኛው ይቆጣል። አንዳንድ ቦታ ለዜጋና ለውጭ ሰው ዋጋው ስለሚለያይ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት አይረሳ።

መዞር የማይፈልግ እንግዳም ይኖራል። አሥራ አምስት ዓመት ያልተያዩ ሁለት እህትማማቾች ተገናኝተው ሐውልት እንይ ብትሏቸው በጨዋነት ይከተሏችሁ ይሆናል፣ ዓይናቸው ግን ከሐውልቱ ይልቅ እርስ በርስ ነው የሚተያየው። እነሱን አታስቸግሯቸው። ጥላ ያለበት ቦታ ሁለት ወንበር አውጡላቸው፣ ስትመለሱም ወሬያቸው ገና መሃል ላይ ይሆናል።